ቆሮሶን ማራባት፤ ከእናት አፍ እስከ ጫጩት

ቆሮሶ የተባለው ዓሣ እንዲራባ ማድረግ አይከብድም። ውሃው ከሞቀ፣ ወንድና ሴት አንድ ኩሬ ውስጥ ካሉ ማንም ሳያዛቸው ይራባሉ። የሚከብደው ሳይፈለግ እንዳይራቡ መከልከል፣ በተፈለገ ጊዜ ደግሞ ዕድሜው እኩል የሆነ ጫጩት ማግኘት ነው። ብዙ ኩሬ ዓሣ ሞልቶት እያለ የሚከስረው በዚህ ነው፤ በስድስተኛው ወር መረብ ሲጎተት የሚወጣው መዳፍ የማይሞላ፣ ግን አፉ ውስጥ እንቁላል የያዘ ዓሣ ይሆናል። ስለዚህ መረብና መኖ ከመግዛት በፊት የዓሣውን ጠባይ ማወቅ ይቀድማል፤ ከታች ያለው እርምጃ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነው።

ዓሣውን ማወቅ

ቆሮሶ፣ አንዳንዱ ቀረሶ የሚለው፣ በጣና፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሐዋሳ፣ በአባያ፣ በጫሞና በአዋሽ ወንዝ የሚኖር አገር በቀል ዓሣ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ ሲሆን ቤተሰቡ ሲክሊድ ይባላል። የጣናው ቆሮሶ ከስምጥ ሸለቆው ስለሚለይ የራሱ ንዑስ ዝርያ ስም ተሰጥቶታል። በተግባር ይህ ማለት እናትና አባት ዓሣዎችን ከሚሠሩበት ተፋሰስ ያምጡ ማለት ነው። የጣናን ዓሣ ወደ አዋሽ፣ የጫሞን ወደ ጣና ማጓጓዝ አንዴ ከተደባለቀ የማይመለስ ስህተት ነው። ከሐይቅ ዓሣ ከማውጣትዎ በፊት የወረዳዎን ግብርና ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ።

ለመለየት የጅራት ክንፉን ዘርግተው ይመልከቱ። ቆሮሶ ከሆነ ጅራቱ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቀጫጭን፣ እኩል የተሰደሩ ጥቁር መስመሮች አሉት። እንደ ሌሎቹ ሲክሊዶች አፍንጫው በእያንዳንዱ ጎን አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ በጎኑ የሚሄደው መስመርም መሐል ላይ ተቆርጦ ዝቅ ብሎ እንደገና ይቀጥላል። በጀርባው ክንፍ ፊት ለፊት 16 ወይም 17 እሾህ ስላለ በእርጥብ ጨርቅ ወይም ጓንት ይያዙት፤ በደረቅ እጅ መያዝ የዓሣውን ልጋግ ይገፍና ለሻጋታ ያጋልጠዋል።

ከዝዋይ የሚያመጡ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሐይቁ ውስጥ ከሌላ ቦታ የገባ ቀይ ሆድ ቲላፒያ የሚባል ዘመዱ ይኖራል። እሱ እንቁላሉን አፉ ውስጥ አይዝም፤ ድንጋይ ወይም ቅጠል ላይ ለጥፎ ወንዱም ሴቷም ይጠብቁታል። ጅራቱ ላይ የተሰደረ መስመር የለውም፣ ደረቱ ደግሞ ወደ ቀይ ያደላል። ሁለት እንደዚህ ያለ ዓሣ ከገባ የእናቶቹን አፍ እየከፈቱ በከንቱ ይደክማሉ።

ቆሮሶ ሲራባ እንዲህ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ጭቃውን ወይም አሸዋውን በአፉ እየቆፈረ ሳህን የመሰለ ክብ ጎድጓዳ ያበጃል፣ ሌላ ወንድ እንዳይጠጋም ይጠብቀዋል። ሴቷ ገብታ ጥቂት ጥቂት እንቁላል ትጥላለች፣ ወንዱ ዘሩን ይለቅበታል፣ እሷ ወዲያው ትለቅመውና አፏ ውስጥ ታስገባዋለች። ከዚያ ትታው ትሄዳለች፤ ወንዱም ሌላ ሴት ይጠራል። ለዚህ ነው አንድ ወንድ ለሁለት ወይም ለሦስት ሴት የሚበቃው። እናቲቱ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ስታገላብጥ ትከርማለች፣ ምግብም አትበላም ማለት ይቻላል። እየታቀፈች እንቁላል አታፈራም፤ ልጆቿን ስትለቅና ስትጠግብ ግን እንደገና ትጀምራለች። እንቁላሉን ቶሎ የተወሰደባት እናት ደግሞ ቶሎ ትመለሳለች። የጫጩት ማባዣ ሥራ ሁሉ የቆመው በዚህች አንድ ነገር ላይ ነው።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ቆሮሶ ለአቅመ መራባት የሚደርስበት መጠን የተወሰነ አለመሆኑ ነው። በጫሞ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የሚደርሰው ዓሣ፣ በሐዋሳ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል። በኩሬ፣ በደህና መኖ፣ ከ5 እስከ 6 ወር ይፈጅበታል። የተጨናነቀና የተራበ ኩሬ ውስጥ ግን 20 እና 30 ግራም ላይ መውለድ ይጀምራል። ኑሮ ሲጠብበት ዕድገቱን ትቶ ወደ መራባት ይሄዳል። ትንሽና ወላድ ዓሣ ሲያዩ ዘሩን ከመውቀስ በፊት ኩሬውን ይጠርጥሩ።

ሙቀቱን ለክተው ይጀምሩ

ቴርሞሜትር ይግዙ። ለአንድ ሳምንት ሊነጋጋ ሲልና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ከውሃው ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ይለኩ። ለመራባት የሚመቸው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ከ22 እስከ 24 ባለው ይራባል፣ ግን ይዘገያል። ከ20 በታች መራባቱ ይቆማል፣ ከ16 በታች መብላት ይተዋል፣ ከ10 እስከ 12 ላይ ይሞታል። በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ይወልዳል፤ ከጥር እስከ መጋቢትና ከሐምሌ እስከ መስከረም ግን በርከት ይላል።

በደጋ፣ የማለዳው ልኬት 18 ከሆነ፣ የማባዣ ሥራ አይጀምሩ። ቀን ላይ 25 መድረሱ አያታልልዎ፤ የሌሊቱ ብርድ እንቁላሉን ያዘገየዋል፣ የዘገየ እንቁላል ደግሞ ይሻግታል። ትንሹን ኩሬ በላስቲክ ቤት መሸፈን ልዩነት ያመጣል። ያለዚያ ግን ጫጩቱን ከቆላ ገዝቶ ማሳደግ ይሻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከ100 እስከ 150 ካሬ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ኩሬ፤ ሦስት ወይም አራት ሀፓ፤ ሁለት የእጅ መረብ (አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ደቃቅ ቀዳዳ)፤ ነጭ ሳፋዎች፤ ግራም የሚለካ ሚዛን፤ የገበታ ጨው፤ ነጭ ሳህን በገመድ። ሀፓ ማለት ከደቃቅ መረብ የተሰፋ፣ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ፣ በውሃ ውስጥ በእንጨት ላይ የሚወጠር ሣጥን ነው። 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ በቂ ነው። ቀዳዳው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን።

አጎበር ሀፓ ይሆናል ወይ? መረቡ ይሆናል፣ መድኃኒቱ ግን ይገድላል። ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር የሚነከርበት ፀረ ተባይ ለዓሣ እጅግ መርዛማ ነው፤ ደጋግሞ ማጠብም አያስተማምንም። መድኃኒት ያልነካው መረብ ብቻ ይጠቀሙ።

1. ኩሬውን ማዘጋጀት

ውሃውን ያፍስሱና መሬቱ እስኪሰነጣጠቅ፣ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ ያድርቁት። ጭቃ ውስጥ የቀረ አንድ አምባዛ ወር ሙሉ የለፉበትን ጫጩት ይጨርሳል፤ የረጠቡ ጉድጓዶችን በእጅዎ ይፈትሹ። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ የእርሻ ኖራ ይነስንሱ። ውሃ ሲያስገቡ መግቢያው ላይ ደቃቅ መረብ ይሰሩ፤ የዱር ዓሣ፣ የእንቁራሪት እንቁላልና ጫጩት የሚበሉ የውሃ ነፍሳት የሚገቡት በዚያ ነው።

ከዚያ ለ100 ካሬ ሜትር 5 ኪሎ ያህል የደረቀ የዶሮ ኩስ በየሳምንቱ ይጨምሩ። ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ነጩን ሳህን ያውርዱ፤ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ከዓይን ከተሰወረ ልክ ነው። በ15 ሴንቲ ሜትር ከጠፋ ኩሱን ያቁሙ፤ አልጌው ሌሊት ኦክስጅኑን ይጨርሰዋልና ጠዋት ዓሣዎቹ ወለል ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያዛጉ ያገኟቸዋል። ቆሮሶ በጣም አነስተኛ ኦክስጅን ለጥቂት ሰዓት ይችላል፤ ይህ ቻይነቱ ነው ብዙ ሰው የሚያዘናጋው። የታቀፈች እናት አየር ሲያጥራት እንቁላሏን ትተፋለች። በሊትር ከ3 ሚሊ ግራም በታች እንዳይወርድ ያስቡ።

2. ሀፓውን መወጠር

አራቱን ማዕዘን በጠንካራ እንጨት ይሰሩ። 80 ሴንቲ ሜትሩ ውሃ ውስጥ፣ ቀሪው 40 ከውሃው በላይ ይሁን፤ ቆሮሶ ዘላይ ነው። የሀፓው ታች ከጭቃው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ላዩን ሰፋ ባለ መረብ ይሸፍኑ፤ ዓሣ በል ወፍ ዓሣውን ከመብላቱም በላይ ትል ያመጣበታል። ሀፓ ውስጥ ወንዱ የሚቆፍረው ጭቃ የለም፣ ሆኖም መረቡ ላይ አንድ ቦታ ይዞ ይጠብቃል፣ ሴቷም እዚያው ትጥላለች። መረቡ በአልጌ ሲደፈን ውሃ አያሳልፍምና በየሳምንቱ በብሩሽ ይጥረጉት።

3. እናትና አባት መምረጥ

ከ100 እስከ 250 ግራም ያሉትን ይውሰዱ። ትልቅ እናት በአንድ ጊዜ ብዙ እንቁላል ትጥላለች፤ ነገር ግን ትንንሾቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚወልዱ ከኪሎ አንጻር ሲሰላ ይበልጧታል፣ ለመያዝም ይመቻሉ። ወንዱ ከሴቷ እጅግ አይብለጥ፤ በጠባብ ሀፓ ውስጥ ግዙፍ ወንድ ያልፈለገችውን ሴት ነክሶ ይገድላል።

የአንድ እናት ልጆችን እርስ በርስ አያራቡ። ከአንድ ሐይቅ፣ ከተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ቀን የተያዙ ዓሣዎችን ይቀላቅሉ። ከኩሬ ሲመርጡ ፈጥነው ያደጉትን ይውሰዱ፤ ትልልቁን ሸጦ የቀረውን ለዘር ማስቀረት የተለመደ ነው፣ ዘሩን ከዓመት ዓመት የሚያቀጭጨውም እሱ ነው።

ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የመጣ ዓሣ ቆዳው ሥርና ስንጥቡ አጠገብ ቢጫ ፍሬ የመሰለ እብጠት ካለው ትል ነው፤ ለዘር አይሆንም። ከያዟቸው አንድ ሁለቱን አርደው የልብ ከረጢቱን ይክፈቱ፤ እዚያ የተጠቀለለ ረጅም ትል ማግኘት በእነዚህ ሐይቆች ያልተለመደ አይደለም። የቀሩትን በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው በተበጠበጠበት ሳፋ ለ10 ደቂቃ ይንከሩ፤ ዓሣው ጎኑ ላይ ከተጋደመ ወዲያው ያውጡት። ጨው የላይ ጥገኞችን ያራግፋል፣ ውስጥ ያለውን ትል አይነካም። ከዚያ ለ2 ሳምንት ለብቻ ያቆዩአቸው።

4. ወንድና ሴት መለየት

ዓሣውን በጀርባው አስተኝተው ከፊንጢጣው ኋላ ያለችውን ጉብታ ይመልከቱ። ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፦ ፊንጢጣውና፣ በሾጣጣው ጉብታ ጫፍ ላይ ሽንትም ዘርም የሚወጣበት አንድ ቀዳዳ። ሴቷ ሦስት አላት፦ ፊንጢጣ፣ ጉብታው መሐል ላይ አግድም የተሰነጠቀ የእንቁላል መውጫ፣ ጫፉ ላይ ደቃቅ የሽንት ቀዳዳ። አግድሙ ስንጥቅ ካልታየዎ የጥጥ ዘንግ በሜቲሊን ብሉ ወይም በጄንሺያን ቫዮሌት ነክረው ጉብታውን ይንኩት፤ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ይቀርና ይጎላል። ከ25 ወይም ከ30 ግራም በታች ዓሣ ላይ ይህን መሞከር ግምት ነው። ለመራባት የተዘጋጀ ወንድ ጉሮሮውና ክንፉ ወደ ቀይ ይቀላል፤ ቀለም ግን ዓሣው ሲደነግጥ ስለሚጠፋ በእሱ ብቻ አይፍረዱ።

5. ማገናኘት

ወንዶቹንና ሴቶቹን ለ10 ወይም ለ14 ቀን ለየብቻ፣ በደንብ እየመገቡ ያቆዩ። ይህን ዘልሎ በአንድ ቀን ማደባለቅ ይቻላል፣ ግን እናቶቹ በተለያየ ቀን ስለሚጥሉ የሚያገኙት ጫጩት ትልቅና ትንሽ የተቀላቀለበት ይሆናል።

ለ6 ካሬ ሜትሩ ሀፓ 24 ዓሣ ይበቃል፦ 18 ሴትና 6 ወንድ። ሴቶቹን በአንድ ቀን አስቀድመው ያስገቡ፤ ወንዶቹ ቀድመው ከገቡ ቦታ ተከፋፍለው ይጠብቁና ኋላ የምትመጣዋን እንደ ጠላት ይቀበሏታል። 150 ግራም የምትመዝን እናት በአንድ ጊዜ ከ250 እስከ 400 እንቁላል ትጥላለች። ሁሉም ግን በአንድ ሳምንት አይጥሉም፤ ከ18ቱ 6ቱ ቢጥሉና መንገድ ላይ የሚጠፋው ቢቀነስ በአንድ ዙር 1,500 ጫጩት ተብሎ ቢታሰብ ተገቢ ነው። ከዚህ እጅግ ያነሰ ካገኙ መጀመሪያ ሙቀቱን፣ ቀጥሎ የወንዶቹን ጠብ፣ ከዚያ መኖውን ይመርምሩ።

መኖው 5 እጅ ፉርሽካ፣ 3 እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ 2 እጅ የዓሣ ዱቄት (የዓሣ ተረፈ ምርት ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ የተፈጨ) ሊሆን ይችላል፤ ፕሮቲኑ 28 ከመቶ ገደማ ይደርሳል። የሻገተ ፋጉሎ አይቀላቅሉ። 24ቱ ዓሣ 3.6 ኪሎ ቢመዝኑ በቀን 2 ከመቶው 72 ግራም ነው። ለሁለት ከፍለው፣ የመጀመሪያውን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ይስጡ። ሊነጋ ሲል ኦክስጅኑ ከሁሉ ጊዜ ያነሰ ነው፤ የቆሮሶ ጨጓራም አሲዱን የሚያመነጨው መብላት ከጀመረ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ያ አሲድ ሲበረታ ሌሎች ብዙ ዓሣዎች የማይፈጩትን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ እንኳ ይሰባብራል። የታቀፉ እናቶች ስለማይበሉ መኖ ሲተርፍ አይደንግጡ፤ እንዲያውም የመጀመሪያው የምሥራች እሱ ነው። የሚጥሉትን ይቀንሱ።

6. አፍ መፈተሽና እንቁላሉን ማንበብ

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ እናቲቱን እንዳለች ትቶ፣ ከተገናኙ ከ12 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ዳር ዳሩን በመንጋ የሚዋኙ ጫጩቶችን በደቃቅ መረብ መልቀም ነው። ጠዋት፣ ውሃው ሳይረበሽ ይሁን። ከዚህ በላይ ከቆዩ ቀድመው የተለቀቁት ኋላ የመጡትን መብላት ይጀምራሉ።

ሁለተኛው በየ5 እስከ 7 ቀኑ ከእናት አፍ እንቁላሉን መውሰድ ነው። ብዙ ጫጩት ይገኝበታል፣ እኩልነቱም የተሻለ ነው፣ ነገር ግን መፈልፈያ ይጠይቃል። ረጅም ቀርከሃ በሀፓው ሥር አሳልፈው ዓሣዎቹን ቀስ ብለው ወደ አንድ ጥግ ይሰብስቡ። ከተቻኮሉ እናቶቹ ይደነግጡና ሁሉም እንቁላላቸውን ይተፋሉ፤ የየትኛዋ እንደሆነ አይታወቅም፣ ዕድሜው የተለያየ እንቁላልም ይቀላቀላል። አገጯ ያበጠ፣ አፏን ጠበቅ አድርጋ የያዘችውን ሰፊ ቀዳዳ ባለው መረብ ያንሱ፤ ደቃቁ መረብ ከሥሩ ይሁን፣ ከተፋች ያገኙታል። የኩሬ ውሃ ባለበት ነጭ ሳፋ ውስጥ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርገው የታች መንጋጋዋን በአውራ ጣት ቀስ ብለው ይክፈቱ፣ ወደፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሷት። እንቁላሉ ይረግፋል።

አሁን ሳፋው ውስጥ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል። ከታች ያለው አቆጣጠር 28 ዲግሪ ላይ ነው፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ቀኑ ይረዝማል።

አንደኛ ደረጃ (ከ1ኛው እስከ 2ኛው ቀን)። እንቁላሉ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ እንደ ሸክላ አፈር ቢጫ፣ አንድ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። ጥቁር ነጥብ የለውም። በዚህ ጊዜ መናወጥ አይወድም፤ የሚችሉ ከሆነ እናቲቱን መልሰው ይተዉአት። ነጭና ደፍራሳ የሆነው ያልዳበረ ወይም የሞተ ነው፤ ቶሎ ይልቀሙት፣ ሻጋታው ወደ ጎረቤቱ ይዘላልና።

ሁለተኛ ደረጃ (ከ3ኛው ቀን ጀምሮ)። ሁለት ጥቁር ዓይን ይታያል፣ እንቁላሉም ወደ ቡናማ ይጠቁራል። አሁን ጠንካራ ነው፣ ለማዛወር የሚመረጠውም ይህ ጊዜ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ (ከ4ኛው እስከ 5ኛው ቀን)። ይፈለፈላል። እጩ ጅራት ያለው የአስኳል ከረጢት ነው ማለት ይቻላል፤ መዋኘት አይችልም፣ ታች ተኝቶ ጅራቱን ያርገበግባል። ልቡ ሲመታ በአጉሊ መነጽር ይታያል። የሚኖረው በአስኳሉ ስለሆነ ምንም አይመግቡት፤ የሚጥሉለት መኖ ውሃውን ያበላሻል እንጂ አፉ ገና አልተከፈተም ወይም አይጠቅመውም።

አራተኛ ደረጃ (ከ8ኛው እስከ 10ኛው ቀን)። ከረጢቱ ሟምቶ ሆዱ ይስተካከላል፣ ጫጩቱም ከታች ተነስቶ ይዋኛል። ርዝመቱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ነው። መኖ የሚጀመረው ጥቂት አስኳል ገና ሳለ ነው፤ ጨርሶ እስኪያልቅ የጠበቀ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ጫጩት ያጣል። ሐይቅ ውስጥ ቢሆን እናቲቱ አሁን ለቃቸው፣ አደጋ ሲመጣ ግን ወደ አፏ እየተመለሱ ጥቂት ቀን ይቆዩ ነበር።

መፈልፈያ ጠርሙስ

የእናትን አፍ የሚተካው የሚንቀሳቀስ ውሃ ነው። የ2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ታቹን ቆርጠው ገልብጠው ይስቀሉ። ቀጭን ቱቦ ከላይ አስገብተው እስከ ጠባቡ አንገት ያድርሱት፤ ውሃው ከታች ወደ ላይ ይነሳና ከተቆረጠው አፉ በደቃቅ መረብ ተጣርቶ ይፈሳል። ከአንድ ሺህ እስከ ሁለት ሺህ እንቁላል ቢገባ ይበቃል። ፍሰቱን እንቁላሉን እያዩ ያስተካክሉ፦ ክምሩ በሙሉ በዝግታ ሲገለባበጥ ልክ ነው። ሲዘል ፍሰቱ በዝቷል፣ ልባሱ ይጎዳል። ታች ከተኛ አንሷል፤ የቆሮሶ እንቁላል ሰማጭ ስለሆነ ሳይንቀሳቀስ ከተከመረ ታፍኖ ይሞታል። ሲፈለፈል እጮቹን ጥልቀቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደሆነ፣ ውሃ ቀስ እያለ ወደሚያልፍበት ሳፋ ያዛውሯቸው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ፓምፕ ላይ አይመኩ፤ ከፍ ተደርጎ የተቀመጠ በርሜል ሌሊቱን ያሻግራል።

7. ጫጩት ማሳደግ

ታጥቦ አዲስ የተወጠረ ሀፓ ውስጥ በካሬ ሜትር ከ300 እስከ 500 ጫጩት ያስገቡ። ትልቁ ቆሮሶ አልጌ በል ነው፤ አንጀቱም ከቁመቱ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ጫጩቱ ግን አንጀቱ ገና አጭር ስለሆነ የሚፈልገው ደቃቅ የውሃ እንስሳትን ነው። ስለዚህ ለትልቁ የሚሆነው ፉርሽካ ለጫጩት አይሆንም። 5 እጅ የዓሣ ዱቄት፣ 3 እጅ የተቆላ አኩሪ አተር፣ 2 እጅ ፉርሽካ እንደ በርበሬ ልመው ተነፍተው ወደ 40 ከመቶ ፕሮቲን ይሰጣሉ።

መጠኑ ላይ ሁሉም ሰው ይሳሳታል። አንድ ሺህ አዲስ ጫጩት አንድ ላይ 10 ግራም ቢመዝኑ ነው፤ በቀን 20 ከመቶ ማለት 2 ግራም፣ በጣት ቆንጠር የሚደረግ ያህል። ከ2 ሳምንት በኋላ እያንዳንዱ 0.1 ግራም ሲደርስ 15 ከመቶው 15 ግራም ይሆናል። 1 ግራም ሲሞላ 8 ከመቶው 80 ግራም ነው። በቀን ከ4 እስከ 5 ጊዜ ከፋፍለው ይስጡ፣ በየሳምንቱ 50 ያህል መዝነው ስሌቱን ያድሱ። በሞቀ ውሃ 1 ግራም ለመድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

በየ10 ቀኑ በመጠን ይለዩ። ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ወንፊት መሰል መረብ ትንንሾቹን ያሳልፋል፣ ትልልቆቹን ያስቀራል። ይህ ካልተደረገ ትልልቆቹ ወንድሞቻቸውን ይበላሉ፤ የሞተ ዓሣ ሳይታይ ቁጥሩ ከቀነሰ ሌባው ውስጥ ነው ማለት ነው።

8. ወንዱን ለብቻ ማሳደግ

ጫጩቶቹ 30 ግራም ሲሆኑ በ4ኛው እርምጃ እንደተባለው ወንድና ሴቱን ይለዩ። ወንዱ ከሴቷ ፈጥኖ ስለሚያድግ ለምግብ የሚሆነው እሱ ነው። እጅ ይሳሳታል፤ ከመቶ ጥቂት ሴቶች አምልጠው ይገባሉ፣ ይወልዳሉም። ለእነዚህ ልጆች መፍትሔው አምባዛ ነው፦ ለ10 ቆሮሶ 1 ያህል ያስገቡ። ቆሮሶዎቹ ከአምባዛው አፍ ካለፉ በኋላ እንጂ ቀድሞ አይሁን፤ ሲያስገቡትም ከቆሮሶው ያነሰ ይሁን።

በሜቲል ቴስቶስትሮን ሆርሞን ሁሉንም ወንድ ማድረግ በዓለም የተለመደ ነው፤ ርዝመታቸው ከ14 ሚሊ ሜትር ላልበለጡ፣ ፆታቸው ገና ላልተወሰነ ጫጩቶች ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት በመኖ ይሰጣል። ለቤት ኩሬ አንመክረውም። መኖውን የሚያቀላቅለው ሰው ራሱ ይጋለጣል፣ የሀፓው ውሃም የሚሄደው ወደ ወንዝ ነው። የሠለጠነ ባለሙያና የተለየ የውሃ ማስወገጃ ያለው ማባዣ ካልሆነ በእጅ መለየት ይሻላል።

9. ማጓጓዝ

ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት መኖ ያቁሙ፤ የጠገበ ጫጩት ከረጢት ውስጥ ኩሱን ይጥልና በአሞኒያ ይታፈናል። ወፍራም የላስቲክ ከረጢት ሁለት ደርበው አንድ ሦስተኛውን በውሃ፣ ሁለት ሦስተኛውን በኦክስጅን ይሙሉ። በሊትር 3 ግራም ጨው ይጨምሩ። በማለዳ ወይም ማታ ይጓዙ፣ ከረጢቱን ጥላ ውስጥ አስተኝተው ያስቀምጡ።

ሲደርሱ ከረጢቱን ሳይከፍቱ አዲሱ ኩሬ ላይ ለ20 ደቂቃ ያንሳፉት። ከዚያ ከፍተው የኩሬውን ውሃ ጥቂት ጥቂት እያስገቡ ሌላ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከረጢቱን ዘንበል ያድርጉና ራሳቸው ይውጡ። መቶ የሚሆኑትን በትንሽ ሀፓ ለይተው 3 ቀን ያቆዩ። በጉዞ የተጎዳ ጫጩት ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ነው፣ ኩሬ ውስጥ ከሞተ ደግሞ ወፍ ስለሚያነሳው አይታይም። ሀፓው ውስጥ ከመቶው 10 ከሞቱ ኩሬው ውስጥም ያንኑ ያህል ጎድሏል፤ የቀኑን መኖ ባስገቡት ቁጥር ሳይሆን በቀረው ያስሉ።